በትእዛዙ መጨረሻ ያለች ቃል

«ልጅቷ ናት የረሳችው» አለ የእህቷ ባል በስልክ። በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ ቀጭን ነው፤ እዚያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ እዚህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብላ ቆመች። «አዎ፣ የሚስቴ እህት። ፍተሻውን መጻፍ ነበረባት፣ ሳትጽፈው ቀረች። ምን ላድርግ እንግዲህ፣ ቤተሰብ ናት፣ ልጅ ናት። ግድ የለም፣ ዛሬውኑ ትፈርምልኛለች። ነገ ለምርመራ ስትመጡ ሁሉም ነገር በወረቀት ይጠብቃችኋል።» ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ቤት ግን ጥፋት ሲኖር ነው ልጅ የምትሆነው። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የካውያ ድምፅ ብቻ ነበር። እህቷ እዚያው ክፍል ውስጥ የባሏን ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ካውያው ጨርቁ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ውሃ ሲነካው ትሽ ይላል። ለአንድ አፍታ እንኳን አልቆመም። ባልየው ካለው ሁሉ ይልቅ አንጀቷን ያሳረራት ይሄ ነው፤ ያ ሁሉ ሲባል ካውያው አለመቆሙ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ዳቦና ሻይ ከበው ተቀመጡ። የእህቷ ባል አዲስ የተተኮሰ ሸሚዙን እንዳያቆሽሽ አንገቱን አስግጎ ነበር የሚበላው። እንቁላል እንደገና መጨመሩን አነሳ፤ እህቷ አንዱን በስንት እንደገዛችው ተናገረች፤ እሱ «ኧረ ተዪ!» አለ፤ ከዚያ የእንቁላሉም ወሬ አለቀ። ስለ ሴትየዋ ማንም አላነሳም። ከስድስት ቀን በፊት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከአሳንሰር ስትወጣ የመወልወያዋ እንጨት ወደ ኋላ ቀረባትና እሱን ለመሳብ እጇን ሰደደች፤ በሩ ተዘጋ። እጅ መሃሉ ሲገባ በሩ አይቶ መመለስ ነበረበት፤ አልተመለሰም። ሁለቱን ጣቶቿን ሐኪሞች ቆረጡ፣ የተጎዱት ሌሎች ሁለቱ ይዳኑ አይዳኑ ገና አልታወቀም። በሩን የሚያዘው ቦርድ የሚሠራው በእህቷ ባል ድርጅት ነው፤ ቦርዱ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም የጻፈችው ደግሞ እሷ ናት። «ዛሬ ቤት ብትውዪስ?» አለቻት እህቷ፣ ዓይኗን ከሻይ ብርጭቆው ሳታነሳ። «ፊትሽ ልክ አይደለም።» «ደህና ነኝ እትዬ» ብላ ተነሳች። ባልየው «ከምሳ በፊት ቢሮ ብቅ በይ፣ የምታዪልኝ ወረቀት አለ» አላት፤ ጨው አቀብይኝ እንደሚል ሰው።

ድርጅቱ ከቀለም መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሁልጊዜ ቀለምና ማቅጠኛ ይሸታል። አሥራ ሁለት ሠራተኞች አሉ። እሷን «ድርብ ሰረዝ» ነው የሚሏት፤ አንድ ጊዜ ሦስት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ የዋለውን ስህተት ከኋላቸው ቆማ ሻይዋን እየጠጣች «እዚያ ጋ ድርብ ሰረዝ ጎድሏል» ካለች ወዲህ ስሙ ወጣላት። ዛሬ ስትገባ ማንም በዚያ ስም አልጠራትም። ሁለቱ ወጣት መሐንዲሶች ከኮምፒውተራቸው ቀና ብለው መልሰው አቀረቀሩ። ገባት፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ቦርሳዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና ኮዱን ከፈተች። መንገዱን ሙሉ፣ እውነትም ረስቼው ይሆን እንዴ እያለች ራሷን ስትበላ ነበር የመጣችው። አልረሳችም። ፍተሻው ቁጭ ብሏል፤ አሥራ አራት መስመር፣ ራሷ የጻፈችው ማብራሪያ ከላዩ ላይ፦ ዓይኑ አንድ ነገር ካየ በሩን ወዲያው መልስ። ዓይን የሚሉት በሩ ጫፍ ላይ የሚተከለውን ሴንሰር ነው።

ከፍተሻው በላይና በታች ግን ሁለት አጫጭር መስመሮች አሉ። የሰው ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ ከመገልበጡ በፊት ፕሪፕሮሰሰር የሚባል ፕሮግራም ቀድሞ ያልፍበታል። ሥራው መቀስ ከያዘ አራሚ አይለይም፤ «ይህን ስም ካወቅኸው ከዚህ እስከዚህ ያለውን ቁረጥ» ተብሎ ከተጻፈለት ይቆርጣል፣ ስሙን ካላወቀው ይተወዋል። ስሙን የሚነግረው ሰው ደግሞ ኮዱን መንካት አያስፈልገውም። ፕሮግራሙን በሚጠራበት ትእዛዝ ላይ «ሰረዝ ዲ» ብሎ ስሙን ከጎኑ መለጠፍ ይበቃዋል። «ሰረዝ ዩ» ካለ ስሙን ያስረሳዋል። «ሰረዝ ኢ» ካለው ደግሞ ወደ ሌላ ሥራ ሳይሻገር ከመቀሱ የተረፈውን ጽሑፍ አውጥቶ ያሳየዋል። እነዚያን ሁለት መስመሮች ባለፈው ዓመት ለኤግዚቢሽን የጨመረቻቸው እሷ ናት። ለእይታ የቆመው በር ዓይን አልነበረውም፣ ስለዚህም ፍተሻው ካለ አይንቀሳቀስም ነበር። የእህቷ ባል «ለሦስት ቀን ነው፣ አንድ መላ ፍጠሪለት» አላት፤ «ማሳያ» የሚል ስም ከተሰጠ ፍተሻው እንዲቆረጥ አደረገች። ኤግዚቢሽኑ አለቀ፣ በሩ ተነቅሎ መጋዘን ገባ። መስመሮቹን ግን አላጠፋቻቸውም።

ፕሪፕሮሰሰሩን በሰረዝ ኢ ጠራችው፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። አሥራ አራቱ መስመሮች አንድም ሳይጎድሉ ወጡ። በወረቀት አተመቻቸው። ከዚያ ተነስታ ቦርዶቹ ወደሚጫኑበት ጥግ ሄደች። ፕሮግራሙን ቦርድ ላይ የሚጭነው ሰው፣ በቅጥነቱም በሥራውም «ሽቦ» የሚሉት፣ ስትመጣ አይቶ መሬት ላይ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ።

«የምትጭንበትን ትእዛዝ አሳየኝ» አለችው።

«የትኛውን?»

«ሽቦ፣ የትኛውን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ወንበሩን ለቀቀላት። ትእዛዙ ረጅም ነው፤ የፋይል መንገዶች፣ የቦርዱ ዓይነት፣ ስምንት ዘጠኝ ሰረዝ። መጨረሻው ላይ፣ ከሁሉም ኋላ፣ አንዲት ቃል ተለጥፋለች፦ ሰረዝ ዲ፣ ማሳያ። ማን መቼ እንደጨመራት መዝገቡ ላይ አለ። የእህቷ ባል፤ ከአራት ወር በፊት፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ትእዛዙን ገልብጣ በሰረዝ ኢ እንደገና አስኬደችው። ስክሪኑ ላይ ከፍተሻው በፊት የነበረው አለ፣ ከፍተሻው በኋላ የነበረው አለ፤ መሃሉ ላይ ባዶ መስመር ብቻ። ነጭ። ጥርስ የወለቀበት ድድ ይመስላል።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ጫን አሉኝ፣ ጫንኩ።» ሽቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በርካሽ ያመጧቸው አዳዲስ ዓይኖች አሉ አይደል፣ ትንሽ አቧራ ሲነካቸው የሌለ ሰው ያያሉ። በሩ አልዘጋም እያለ ሕዝቡ ስልክ እየደወለ ሲሰድበን ነበር። ጋሼ ደህናውን ዓይን እንግዛ ሲባሉ፣ በአራት እጥፍ ነው የሚሸጠው አሉ። ከዚያ ይችን ጨመሩ። ጠይቄያቸዋለሁ፣ ሙች ጠይቄያቸዋለሁ! ዓይኖቹ እስኪቀየሩ ነው አሉኝ።»

«በስንት በር ላይ ጫንክ?»

ከመሳቢያው ደብተር አወጣ። አደጋው የደረሰበት ሳይቆጠር ስድስት ሕንፃ፣ አሥራ ዘጠኝ በር። አሁን ረፋዱ ላይ፣ እሷና ሽቦ እዚህ ቆመው ሲያወሩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዕውር በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሕንፃዎቹን ስም በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ ሁለተኛውን ወረቀት አተመች፣ ሳታንኳኳ ወደ እህቷ ባል ቢሮ ገባች።

እሱ ከትልቁ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ወረቀትና ከአንድ እስክሪብቶ በቀር ምንም የለም። አስቦበት ያጸዳው መሆኑ ያስታውቃል። ወረቀቱ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሷ በራሷ ቸልተኝነት የደኅንነት ፍተሻውን ሳትጽፍ መቅረቷን፣ ኃላፊው ይህን እንዳላወቀ የሚገልጽ። «አንብቢና ፈርሚ» አላት። «ምንም አትሆኚም። ሰው ይሳሳታል፣ ያለ ነው። እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?» ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ለታመመ ሰው የሚናገር ይመስላል። እሷ ሁለቱን ወረቀቶቿን ጎን ለጎን አድርጋ ፊቱ ዘረጋችለት።

«ይኼ እኔ የጻፍኩት ነው። ይኼ ደግሞ እርስዎ ያስጫኑት።»

አየት አደረገና ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ማነው የሰጠሽ? ሽቦ ነው?»

«ማሽኑ ነው። ቀኑም ሰዓቱም ስምዎም አለበት።»

ያ ለስላሳ ድምፅ ጠፋ። «ቆይ፣ ስሚኝ። ቁረጥ ብሎ የጻፈው ማነው? እኔ ነኝ? እኔ ኮድ መጻፍ አልችልም። መቀሱን አዘጋጅተሽ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። እኔ የጨመርኩት አንዲት ቃል ናት። አንዲት ቃል!»

እውነት ስለነበረበት አመማት። ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ውሸት ሊያስፈርማት መሆኑ ደግሞ ደሟን አፈላው። «ለኤግዚቢሽን ነው ያልከኝ» አለችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቤቱ ስትኖር ጋሼ፣ እርስዎ፣ ስትለው ኖራለች፤ «ያልከኝ» የምትለው ቃል ከአፏ ስትወጣ ሁለቱም ሰሟት። «የሰው እጅ ለሚገባበት በር አላልከኝም።»

«አንተ? አንተ አልሽኝ? ቤቴ እየበላሽ፣ ቤቴ እያደርሽ?»

«አዎ፣ አንተ። አሥራ ዘጠኝ በር አለ። ስልኩን አንሳና አስቁማቸው።»

«ለከተማው ሁሉ ደውዬ ‹በሮቼ ዕውር ናቸው› ልበል? በአንድ ቀን አለቀልን እኮ! አሥራ ሁለት ቤተሰብ ጦሙን ይደር? ነገ ሰዎቹ መጥተው ይሂዱ፣ ከዚያ ቀስ እያልን አንድ በአንድ እናስተካክላለን።» እስክሪብቶውን አንስቶ ዘረጋላት። «ፈርሚ። ለእህትሽ ስትይ።»

እስክሪብቶውን አልተቀበለችም። ሁለቱን ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ከኋላዋ «ማታ ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ» ሲላት የሥራ ክፍሉ በሙሉ ሰማ፤ የኮምፒውተር ቁልፍ የሚነካ ሰው ጠፋ። ሽቦ ብቻ ቀና ብሎ አያት፣ ወደ ማሽኑ ዞረና ከትእዛዙ መጨረሻ ላይ ያችን ቃል በጣቱ አንድ አንድ ፊደል እያለ ሲሰርዝ አየችው። በአራት ወሩ ደረሰልኝ፣ አለች በልቧ።

ቀለም መሸጫው ፊት ለፊት ካለው ግንብ ላይ ተቀምጣ መደወል ጀመረች። የአንደኛው ሕንፃ ኃላፊ «ከየት ነው የምትደውይው? በምን አውቅሻለሁ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ዘጋባት፣ በሦስተኛው አዳመጣት። ሌላኛው ድርጅቱን ከነዘር ማንዘሩ ሰድቦ አስቆመ። አንደኛዋ የሕንፃ ጠባቂ «የእኛ እንኳን ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ተመስገን በይ!» ብላ ሳቀች። አምስቱ ተሳኩ። ስድስተኛው የሐኪሞች ክሊኒኮች ያሉበት ሕንፃ ነው፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ተነስታ ወደ አውቶቡስ ስትሮጥ እህቷ ደወለች።

«ምን አድርገሽ ነው? አብዶ መጣ እኮ» አለች። «ፈርሚለትና ይለፍ በቃ። ልጆቼንስ አታስቢም?» ልጆቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ክፍያቸው በየዓመቱ ይጨምራል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እትዬ፣ ጠዋት ሲናገር ሰምተሻል አይደል?»

አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ገፍቷት ገባ፣ እሷም ገባች። እህቷ እስካሁን በስልኩ ውስጥ ትተነፍሳለች።

«ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ፣ «ሴትየዋንም ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። ብርቱካን ይዤ ሄጄ። ‹በራሴ ጥድፊያ እጄን አስገባሁ› ይላል ወረቀቱ። ማንበብ አትችልም። የሕክምናው ነው ብዬ በግራ እጇ አውራ ጣት አስፈረምኳት። ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አልጋ አሥራ አራት ናት።» ስልኩ ተቋረጠ። እህቷ ትዝጋው፣ መስመሩ ይበጠስ፣ አላወቀችም፤ መልሳም አልደወለችም። ብትደውል የምትለውን ነገር ፈርታዋለች።

የክሊኒኮቹ ሕንፃ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው፣ ዩኒፎርማቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶባቸዋል። አሳንሰሩ ፊት ስምንት ሰው ተሰልፏል፣ አብዛኛው አዛውንት። «አባቴ፣ ይሄን አሳንሰር ያቁሙት፣ ሰው ይቆርጣል» ስትላቸው «ማን ነሽ አንቺ?» አሉ። የኃላፊውን ቁጥር ጠየቀች፤ ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። አሳንሰሩ ወረደ፣ ሰው ገብቶ ወጣ። ተመልሶ ሲወርድ እሷ በሩ ላይ ተገተረች። ምርኩዝ የያዙ እናት «ምን ሆነሽ ነው? እኔ አምስተኛ ፎቅ በእነዚህ ጉልበቶቼ ልወጣ ነው?» ብለው ጮሁባት፤ አንድ ጎልማሳ ክንዷን ይዞ ሊያስወግዳት ሞከረ። እጁን መነጨቀችው። ከዘበኛው ወንበር ሥር ባዶ ጀሪካን አየች። አንስታ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል መሃሉ ላይ ደቀነችው።

በሩ አልተመለሰም። ሁለቱ ብረቶች ጀሪካኑን ያዙት፣ ፕላስቲኩ ጮኸ፣ ተጣመመ፣ እንደ ወረቀት ታጠፈ፤ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ነጠረ። ባለ ምርኩዟ እናት እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ዘበኛው ከወገባቸው ቁልፍ ፈትተው ሄደው ኃይሉን አጠፉት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «በየቀኑ የልጅ ልጄን የማመጣበት ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ምስጋና አልነበረም፤ ንዴት ነበር፣ እሷንም ጨምሮ ለሁሉም። ትክክል ናቸው አለች በልቧ።

ሆስፒታሉ ስትደርስ የጥየቃ ሰዓት ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ አልጋ አሥራ አራት መስኮቱ ሥር ነው። ሴትየዋ አርባ አምስት ቢሆናት ነው፣ ፈርጠም ያለች፤ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ጭንቅላት አክሎ ትራስ ላይ ተኝቷል። ብርቱካኖቹ አልተነኩም።

«ከድርጅቱ ነሽ?» አለቻት፣ ከላይ እስከ ታች አይታ።

«ነኝ።»

«ሌላ ወረቀት አመጣሽ?»

«አመጣሁ። ይሄ ግን የሚፈረም አይደለም።» አልጋው አጠገብ ቆማ ነገረቻት፤ ቃል ሳታሳምር። በሩ ማየት እንደነበረበት፣ እንዳያይ መደረጉን፣ የፈረመችበት ወረቀት የሕክምና ሳይሆን ጥፋቱን በራሷ ላይ የሚጭን መሆኑን።

«ማን ነው እንዳያይ ያደረገው?»

«በሩን የምታሳውረዋን ቃል የጨመረው የእህቴ ባል ነው። ያችን ቃል የጨመረ ሰው ፍተሻውን እንዲያስቆርጥ አድርጌ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ማጥፋት ነበረብኝ፣ አላጠፋሁትም።»

«ስድስት ቀን» አለች ሴትየዋ። «ስድስት ቀን ሙሉ ‹ምን አንቀዠቀዠኝ፣ እንጨቱ ቢቀርስ› እያልኩ ራሴን ስረግም ነው የሰነበትኩት። ልጄ መጥታ ‹እማዬ፣ አታዪም ነበር እንዴ?› አለችኝ። አፍሬ ፊቴን አዞርኩ። ከገዛ ልጄ!» ፋሻዋን ቁልቁል አየች። «ደህና እጅ ቢኖረኝ በጥፊ ነበር የማጮልሽ።»

«ያጩሉኝ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

«ተዪው እሱን። እስክሪብቶ ይዘሻል?»

በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ከታተመው ወረቀት ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች። ሴትየዋ ትጠይቃለች፣ እሷ ትጽፋለች፤ የዚያችን ቃል ነገር፣ የማክሰኞዋን ሰዓት፣ የርካሾቹን ዓይኖች፣ የአውራ ጣቱን ፊርማ። ማን አስፈረመ የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ሴትየዋ ጠበቀቻት። የእህቷን ስም ጻፈች። አንድ ቦታ ላይ ከራሷ ጨምራ «በስህተት» ብላ ጮክ አድርጋ ስታነበው ሴትየዋ «ማን ነው በስህተት ያለው? ሰርዢው» አለቻት፤ ሰረዘችው። ነርሷ ብቅ ብላ ሰዓቱ ማለቁን ተናገረች። «ትጨርስ!» አለቻት ሴትየዋ፣ ነርሷም ድምጿን ሰምታ ተመለሰች።

«ስምሽን ከነአባትሽ ጻፊ።»

ጻፈች።

«ከነአያትሽ። ስልክሽንም።»

ጨመረች፣ ፈረመችም። ሴትየዋ ወረቀቱን በግራ እጇ ተቀብላ ወደ ጎረቤቷ አልጋ ዘረጋችው፤ እዚያ እግሯ የተሰበረ ወጣት ተማሪ ተኝታለች። «አንብቢልኝ እስቲ፣ አንድም ሳታስቀሪ» አለቻት። ተማሪዋ ከላይ ጀምራ አነበበች። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሴቶች ጭምር ቀና ብለው አዳመጡ። መጨረሻው ላይ ስሙን ከነአያቱ፣ ስልኩንም አንድ በአንድ ጠራችው። ሴትየዋ ወረቀቱን መልሳ ተቀብላ ከትራሷ ሥር፣ ከታመመው እጇ በታች አስገባችው።

«አሁን ውጪልኝ» አለች።